ለአራት ምርጫ ፖስተር ያተመልን የአራት ኪሎው ማተሚያ ቤት

አጎቴ ጡረታ የወጡ የሒሳብ መምህር ናቸው። በግል ዕጩነት በ2002 ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት፣ በ2005 ለአዲስ አበባ ከተማ ምክር ቤት፣ በ2007 እንደገና ለተወካዮች ምክር ቤት፣ በ2013 ደግሞ ዳግመኛ ለከተማው ምክር ቤት ተወዳድረዋል፤ በመካከሉም የልጅ ልጆቻቸው በሚማሩበት ትምህርት ቤት ለወላጅ፣ ተማሪና መምህራን ኅብረት፣ በተለምዶ ወተመህ ለምንለው፣ ሁለት ጊዜ ቀርበዋል። አንዱንም አላሸነፉም። በእነዚህ ሁሉ ዓመታት ፖስተራቸውንና በራሪ ወረቀታቸውን ያተመላቸው አንድ አነስተኛ ማተሚያ ቤት ሲሆን፣ ሥራውን ለማዘዝም ለመረከብም የምመላለሰው እኔ ስለነበርኩ አገልግሎቱን ከማንም በተሻለ አውቀዋለሁ። ባለቤቱ የቤታቸው ስም ከምርጫ ጋር ተያይዞ እንዲነሣ ስለማይወዱ ስሙን አልጽፍም።

ቤቱ እስከ 2016 ድረስ ፒያሳ፣ ዶሮ ማነቂያ ነበር። ሠፈሩ ሲፈርስ ወደ አራት ኪሎ ተዛውሮ፣ አሁን ወደ ስድስት ኪሎ በሚወስደው መንገድ ዳር ባለ አሮጌ ሕንጻ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ይገኛል። አጎቴ ሁለት ጊዜ ሊገቡበት የፈለጉት ፓርላማ ከዚያ በእግር ሩቅ አይደለም።

በ2002 መጀመሪያ የሄድነው ወደ ሌላ ትልቅ ማተሚያ ቤት ነበር። 300 ፖስተር ብቻ እንደምንፈልግና ዕጩው የግል ተወዳዳሪ መሆናቸውን ሲሰሙ፣ የሚያስተናግደን ሰው እስኪመጣ ግማሽ ቀን አስቀምጠውን በመጨረሻ «ለእንዲህ ያለ ትንሽ ሥራ ማሽን አናስነሣም» አሉን። ዶሮ ማነቂያ ስንደርስ ግን ባለቤቱ ወንበር ስበው አጎቴን አስቀመጡና መጀመሪያ የጠየቁት ስንት ገንዘብ እንዳላቸው ነበር። ሙሉ ቀለም በኦፍሴት ለማተም አራት ፕሌት፣ ማለትም ለእያንዳንዱ ቀለም አንድ የማተሚያ ሰሌዳ፣ እንደሚያስፈልግ፣ ለ300 ቅጂ ይህን ሁሉ ማውጣት ብክነት እንደሚሆን አስረድተው፣ በጥቁርና በአንድ ተጨማሪ ቀለም፣ ማለትም በሁለት ፕሌት ብቻ እንዲታተም መከሩን። ደንበኛው ብዙ እንዲያወጣ ሳይሆን ባለው ገንዘብ ሥራው እንዲያምርለት የሚጨነቅ አታሚ በዚህ ከተማ ብዙ አላጋጠመኝም።

ባለቤቱ በወጣትነታቸው ፊደል ለቃሚ፣ ማለትም የሕትመት ፊደላትን አንድ በአንድ በእጅ የሚደረድሩ ሠራተኛ፣ ነበሩ፤ ይህ በሥራቸው ሁሉ ላይ ይታያል። ዲዛይነሩ «ህዝብ» ብሎ የጻፈውን «ሕዝብ»፣ «ስራ» ያለውን «ሥራ» አድርገው ሲያርሙ፣ አጎቴም በመምህርነት ልማዳቸው መነጽራቸውን አድርገው ፕሩፉን፣ ማለትም ከሕትመት በፊት የሚታረመውን ናሙና፣ ከእሳቸው ጋር መስመር በመስመር ሲያነቡ ያየሁበት ከሰዓት በኋላ ከአእምሮዬ አይጠፋም። የታረመው ፕሩፍ ላይ ካልተፈረመ ማሽኑ አይነሣም፤ ደንበኛው ቢቸኩልም ይህን ደንብ አይጥሱም።

ከሁሉ በላይ ያከበርኳቸው ግን በምርጫ ምልክቱ ጉዳይ ነው። የአጎቴ ምልክት እርሳስ ነበር። ቀጭን ስለሆነ በፎቶኮፒ ሲባዛ ይደበዝዛል፤ ስለዚህ እኔ ትንሽ እንዲወፍርና ጫፉ እንዲቀየር ጠየቅሁ። ባለቤቱ እምቢ አሉ። «መራጩ ድምፅ መስጫ ወረቀቱ ላይ የሚያገኘው የተመዘገበውን ምልክት ነው፤ እዚህ ሌላ ካሳየነው እዚያ መምህርን አያውቃቸውም» አሉኝና ቅርጹን ሳይነኩ መጠኑን ብቻ አሳድገው፣ ዙሪያውን ባዶ ነጭ ትተው አተሙት። ማንበብ የማይችሉ እናቶች ዕጩን የሚለዩት በምልክት መሆኑን ሳስብ፣ ያ ነጭ ቦታ ከጻፍናቸው መፈክሮች ሁሉ የበለጠ ጠቃሚ ነበር ብዬ አምናለሁ።

በ2013 ደግሞ ምክራቸው ገንዘብ አዳነልን። ምርጫው መጀመሪያ ነሐሴ 23 ቀን 2012 ሊካሄድ ታስቦ በኮሮና ምክንያት ከተራዘመ በኋላ፣ ለአዲስ አበባ ሰኔ 5 ቀን 2013 ተቆርጦለት ነበር። ቀኑን በፖስተሩ ግርጌ በትልቁ እንዲጽፉልን ስንጠይቅ፣ አንድ ጊዜ የተራዘመ ነገር ዳግም ሊራዘም ስለሚችል ቀን የሌለበት ፖስተር ቢሠራ ይሻላል አሉን። እንዳሉትም ድምፅ የተሰጠው ሰኔ 14 ሆነ፤ የእኛ ፖስተር ግን አንድም ሳይጣል ሁሉም ሥራ ላይ ዋለ። ከድምፅ መስጫው ቀን በፊት ባሉት 4 የጥሞና ቀናት ቅስቀሳ ስለማይፈቀድ የዘገየ ሕትመት ለዕጩ ዋጋ የለውም፤ እሳቸውም ይህን ቆጥረው ያስረከቡን ቀደም ብለው ነው።

ጉድለት የለባቸውም ማለቴ አይደለም። ጄኔሬተር ስለሌላቸው መብራት ሲጠፋ ሥራው ይቆማል። በጥር የሠርግ ጥሪ ካርድ ስለሚበዛባቸው ሌላ ሥራ ይዘገያል። ወጣቱ ዲዛይነር ፎቶግራፍን ከልክ በላይ ያጠራል፤ በ2007 አጎቴን የግንባራቸውን መስመር ሁሉ አጥፍቶ ሌላ ሰው አስመስሏቸው ስለነበር እንዲመልሰው ሁለት ጊዜ መለመን ግድ ሆኖብኛል። ሕንጻው ሊፍት የለውም፤ ለአዛውንት ደረጃው ይከብዳል። ዋጋቸውም የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገበት ከሐምሌ 2016 ወዲህ ጨምሯል፤ ወረቀቱና ቀለሙ ከውጭ የሚመጣ በመሆኑ በእሳቸው አልፈርድም፤ ዋጋውን የሚናገሩት ግን ሥራው ከመጀመሩ በፊት ነው፤ በኋላ አይጨምሩበትም።

ለወተመህ ምርጫ ያዘዝነው 200 ግማሽ ገጽ በራሪ ወረቀት ብቻ ነበር። ከእንዲህ ያለ ሥራ ምን ያህል ትርፍ እንደሚገኝ መገመት አያዳግትም፤ ሆኖም ፕሩፉ እንደ ፓርላማው ፖስተር ተነብቦ፣ ወረቀቱ ተቆጥሮ፣ በ50 በ50 ታስሮ ተሰጠን። አጎቴ ተሸንፈው በተመለሱ ቁጥር «መምህር፣ ዘንድሮስ ድምፁ ከአምናው ጨመረ?» ብለው ቁጥሩን የሚጠይቋቸውም እኚሁ ሰው ናቸው፤ ሌሎቻችን እናዝን ይሆናል በሚል ጥያቄውን እንሸሻለን፣ አጎቴ ግን ቁጥሩን ተናግረው የትኛው ቀበሌ እንደጨመረ ሲያስረዱ ፊታቸው ይፈካል።

ባለፈው ወር ወደ ቤቱ ስሄድ ከዶሮ ማነቂያ ሲወጡ ምን እንደጠፋባቸው ጠየቅኳቸው። ሁለት ካቢኔትና አንድ አሮጌ መቁረጫ ማሽን ጥለው እንደወጡ ነገሩኝ። ከዚያም ከመሳቢያቸው «መምህር፣ 2002» ተብሎ በእጅ የተጻፈበት ሲዲ አውጥተው፣ ፋይሉ እስካሁን እንደሚከፈት አሳዩኝ።