የልጆቻችሁን ሥዕል በፍሬም እናሳምራለን ለሚሉ ሰዎች ዋናውን ሥዕል አትስጡ

በአያት፣ በየካ አባዶ፣ በቱሉ ዲምቱና በኮዬ ፈጬ የጋራ መኖሪያ ቤቶች ለምትኖሩ ወላጆች ይህን የምጽፈው፣ ትምህርት ቤት ተዘግቶ የልጆች ሥዕል ከደብተሩ ጋር ወደ ቤት በሚመለስበት በዚህ የሰኔ ወር፣ ከብሎክ ብሎክ እየዞሩ ሥዕሎቹን በፍሬም አድርገው ለመስቀል ከሚዋዋሉት ሰዎች አንዱ በእኛ ቤት ያደረሰው ጉዳት በሌላ ቤት እንዳይደገም ነው።

ውላችን ግልጽ ነበር። ፍሬሙ ከፊት በማጠፊያ የሚከፈት፣ መስታወት ያለው፣ ልጅቷ አዲስ ሥዕል በሣለች ቁጥር አሮጌውን አውጥተን የምንለውጥበት እንዲሆን ተስማምተን ግማሹን ዋጋ ቀብድ ከፈልን። የመጣልን ግን ሌላ ነገር ነው፤ ሥዕሎቹ ላሚኔት ተደርገው፣ ማለትም በፕላስቲክ ታሽገው፣ በማስቲሽ ከኤምዲኤፍ እንጨት ጋር ተጣብቀዋል፣ መስታወት የተባለው ስስ ፕላስቲክ ሆኗል፣ ፍሬሙም ጨርሶ አይከፈትም። ከዚህ ሁሉ የከፋው ደግሞ ከፍሬሙ የሚሰፉት ወረቀቶች በኤ4 ልክ፣ ማለትም በ210 በ297 ሚሊሜትር ተቆርጠው መምጣታቸው ነው። ሕፃናት ስማቸውን የሚጽፉት ብዙውን ጊዜ ጥግ ላይ በመሆኑ፣ ልጃችን ገና ፊደል ስትለይ የጻፈችው ስሟ ከቁራጩ ጋር ተጥሏል። ባለሙያ ነኝ የሚል ሰው ባለቤቱን ሳይጠይቅ በሕፃን ሥዕል ላይ መቀስ ማንሳት አልነበረበትም።

ላሚኔት ማድረግ ሥዕሉን ከእርጥበት ይጠብቀዋል የሚለው ማግባቢያ ብዙ ሰው የሚያሳምን ስለሆነ ጉዳዩን በሚገባ ማወቅ ይበጃል። ፕላስቲኩ ከወረቀቱ ጋር የሚጣበቀው በሙቀት ሲሆን፣ የማሽኑ ሙቀት አብዛኛውን ጊዜ ከ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይበልጣል፤ ልጆች የሚቀቡበት ክራዮን ግን በአብዛኛው ሰም በመሆኑ ከዚያ እጅግ ባነሰ ሙቀት ይቀልጣል። በዚህም ምክንያት መስመሮቹ ይፈሳሉ፣ ቀለሞቹም እርስ በርስ ይደባለቃሉ። አንዴ የተጣበቀውን ፕላስቲክ ወረቀቱን ሳይቀድዱ ማላቀቅ ስለማይቻል፣ ሠሪው ገንዘቡን ቢመልስ እንኳ ሥዕሉን ሊመልስ አይችልም። በወፍራም ውሃ ቀለም የተሣለ ወይም ቅጠልና ጨርቅ የተለጠፈበት ሥራማ ወደ ማሽኑ መግባቱ ራሱ ያበላሸዋል።

አሰቃቀሉም ጥንቃቄ ይፈልጋል። የቤቶቻችን ግድግዳ ብሎኬት ስለሆነና ብሎኬቱም ውስጡ ክፍት ስለሆነ፣ ከባድ ፍሬም በተራ ሚስማር ሲሰቀል ልስኑ ይፈረፈራል፤ በደብል ቴፕ የተለጠፈው ደግሞ ሲወድቅ ቀለሙን ይዞ ይወርዳል። በክረምት እርጥበት የሚይዘው የውጭ ግድግዳ ለወረቀት አይሆንም፤ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ የሚያርፍበት ቦታም የፓርከር ቀለምን ያደበዝዛል።

ስለዚህ አሠሪ የሆናችሁ ሁሉ፣ ዋናውን ሥዕል ከእጃችሁ አታውጡ። በጥሩ ብርሃን ፎቶ አንሱት ወይም በጽሕፈት መሣሪያ ቤት ስካን አስደርጉትና ቅጂውን ስጡ፤ ቀብድ ከመክፈላችሁም በፊት ያለቀ ፍሬም አምጥቶ በፊታችሁ ከፍቶ እንዲዘጋ ጠይቁት። በእኔ አስተያየት ግን ለዚህ ሥራ ሰው መቅጠር እንኳ የግድ አይደለም። ከአንዱ ጥግ እስከ ሌላው የተወጠረ ሲባጎና የልብስ መቆንጠጫ ካለ ሥዕሉ ሳይቆረጥና ሳይጣበቅ በሥርዓት ይሰቀላል፣ ልጁም ራሱ ይለውጠዋል። ለእንቁጣጣሽ የሚሣሉት የአደይ አበባ ሥዕሎች ሲበዙ የወረዱትን በንጹሕ ክላሰር ውስጥ ቀኑን ጽፎ ማስቀመጥ ይቻላል።

ከወዲሁ ከፍላችሁ የተበላሸ ዕቃ የደረሳችሁ ካላችሁ ጊዜ አታጥፉ። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሸማች ከገዛበት ቀን አንሥቶ በ15 ቀናት ውስጥ እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት የመጠየቅ መብት ሰጥቶታል። ይህን ለማስረዳት ደረሰኝ ስለሚያስፈልግ፣ ደረሰኝ ለማይቆርጥ ሰው ቀብድ አትክፈሉ፤ የተስማማችሁበትን የፍሬም ዓይነት፣ ልክና የሚረከቡበትን ቀንም በጽሑፍ አስፈርሙት።