በሩ ላይ አብረውኝ ለቆሙት ባለሙያ

ይህን ጽሑፍ ስንት ጊዜ ጀምሬ ትቼዋለሁ። ሥራ ከያዝኩ ዓመት ሞላኝ። ለዚህ ያበቁኝን የሥነ ልቦና ባለሙያ በአደባባይ ሳላመሰግን ብቀር ይቆጨኛል። ስማቸውን እንዳልጠቅስ ለምነውኛል፣ አልጠቅስም። የሠሩትን ግን ልናገር። ለራሳችሁ ወይም ለቤተሰብ ባለሙያ ስትፈልጉ ምን ዓይነት ሰው መፈለግ እንዳለባችሁ ይጠቁማችኋል።

አጎራፎቢያ አለብኝ። «አጎራ» በግሪክኛ አደባባይ፣ ገበያ ማለት ነው፤ ስለዚህ ብዙ ሰው ሰፊ ቦታ መፍራት ብቻ ይመስለዋል። እኔን ግን አውቶቡስም፣ ሊፍትም፣ ወረፋም ያስጨንቀኛል። «እዚህ አንድ ነገር ብሆን በየት እወጣለሁ? ማን ይደርስልኛል?» የሚለው ሐሳብ ነው የሚይዘኝ። በዚያ ላይ ማኅበራዊ ጭንቀት ተደርቦበታል። ለቃለ መጠይቅ ስጠራ ከሦስት ቀን በፊት ጀምሮ እንቅልፍ የለም። ሁለት ጊዜ ለባብሼ ወጥቼ ከመንገድ ተመልሻለሁ። ሰነፍ ተብያለሁ፤ እኔም አምኜው ነበር።

ከእሳቸው በፊት ያማከርኩት ሰው «በቃ፣ ቤት ሆነህ የምትሠራው ነገር ፈልግ» ብሎ ሸኘኝ። እሳቸው በስልክ ጀመሩልኝ። መጀመሪያ የጠየቁኝ ስለ ትምህርቴ አልነበረም። «አንድ የሥራ ቀን ከጠዋት እስከ ማታ ተርክልኝ። የቱ ጋ ስትደርስ ነው ሰውነትህ እምቢ የሚለው?» አሉኝ። እየተረክሁ ጻፍነው። በእያንዳንዱ ላይ ከ0 እስከ 100 የፍርሃት ቁጥር ሰጠሁ። ስብሰባ ላይ ድንገት ስሜ ሲጠራ 90። ሳልዘጋጅ ስልክ ማንሳት 70። መልእክት በጽሑፍ መመለስ 15። ለሰዓታት አቀርቅሮ በጥንቃቄ መሥራት ዜሮ። «ዜሮዋን አስምርባት፣ ከእሷ እንጀምራለን» አሉ።

ለካ ሥራ ፈርቼ አላውቅም! የፈራሁት መንገዱንና የሰው ዓይን ነበር።

የተቀዳ ድምፅ ወደ ጽሑፍ የመገልበጥ ሥራ ስናገኝ ለቀጣሪው የምልከውን መልእክት አብረን አረቀቅን። ሦስት መስመር ናት። ስለ ሕመሜ አንድም ቃል የለባትም፤ ከቃለ መጠይቅ በፊት የሙከራ ሥራ ቢሰጡኝ ችሎታዬን በደንብ እንደማሳይ ብቻ ትናገራለች። እሺ አሉ። ያቺ መልእክት ባትኖር አሁንም ከመንገድ እየተመለስኩ ነበር።

ከሁሉ በላይ የማመሰግናቸው ግን ሥራ አገኘሁ ብዬ ቤቴ እንድቀበር ስላልፈቀዱልኝ ነው። ከሚያስፈራን ነገር በሸሸን ቁጥር ፍርሃቱ ይገዝፋል፤ ቤት ሆኖ መሥራት ደግሞ ለመሸሽ ምቹ ነው። ስለዚህ ደመወዝ በተቀበልኩበት ወር የበሩን ልምምድ ጀመርን። እጄን እጀታው ላይ አድርጌ፣ ስልኩን ጆሮዬ ላይ ይዤ መቆም። እጀታው ቀዝቃዛ ነው፣ መዳፌ በላብ ርሷል፣ ልቤ ይደልቃል። አያባብሉኝም፣ አይገፉኝም። አልፎ አልፎ «አለሁ» ይላሉ። ፍርሃቱ ወጣ፣ ወጣ፣ ከዚያ ራሱ ወረደ። በሌላ ቀን ደረጃው። ቆይቶ አንድ ፌርማታ በአውቶቡስ።

ሥራው ራሱ ያልጠበቅሁትን ነገር አስተማረኝ። ቀኑን ሙሉ በማዳመጫ የማላውቃቸውን ሰዎች እሰማለሁ። በራሳቸው የሚተማመኑት እንኳ «እ... እ...» ይላሉ፣ ጉሮሯቸውን ይጠራርጋሉ፣ የጀመሩትን ዓረፍተ ነገር ጥለው ሌላ ይጀምራሉ። ማንም አይስቅባቸውም። ይህን ለባለሙያዬ ስነግራቸው ደስ አላቸው፤ ወዲያው ልምምድ አደረጉት። በሚቀጥለው የቡድን ስብሰባ ሆን ብዬ መሐል ላይ እንዳቆምና «እ...» እንድል አዘዙኝ። አደረግሁት። ስብሰባው ቀጠለ።

ባለሙያ ስትፈልጉ በግልጽ ጠይቁ። ደረጃ በደረጃ ፍርሃትን በመጋፈጥ ሕክምና ይሠራሉ? መውጣት ለማይችል ሰው በስልክ ይጀምራሉ? «መጀመሪያ ዳን፣ ከዚያ ትሠራለህ» የሚል ካጋጠማችሁ ሌላ ፈልጉ። ለእኔ ሥራው ራሱ የመዳኑ ግማሽ ነበር። የመድኃኒትን ነገር ከሐኪም ጋር ተነጋገሩ፤ ለሁሉም አንድ አይደለም።

ባለፈው ሳምንት ቢሯቸው ሄድኩ። ብቻዬን፣ በአውቶቡስ። በሩን ሳንኳኳ «አለሁ» አሉ ከውስጥ። ፊታቸውን ያየሁት ያን ቀን ነው። ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ።