ለሚያም ጉልበት የትኛው የስፖርት አፕ ይሻላል?

የጉልበት ኦስቲዮአርትራይተስ (የመገጣጠሚያ መበላት የሚያስከትለው ሕመም) ላለባቸው አዛውንቶች እንቅስቃሴ ዋናው ሕክምና ነው። ኪኒን ቢታዘዝም እሱን አይተካውም። ጥያቄው ቤት ውስጥ ማን ያሠራቸው የሚለው ነው። ለእናታችሁ ወይም ለአባታችሁ አፕ ልትገዙ ካሰባችሁ፣ ያሉትን በሦስት ከፍላችሁ ብታዩ ምርጫው ይቀላል።

ቪዲዮ ብቻ የሚያሳዩት ርካሾች ናቸው። ሕመሙ ቀለል ላለውና በራሱ ለሚተጋ ሰው ይበቃሉ። ግን ከመክፈላችሁ በፊት የሜልበርን ዩኒቨርሲቲ በነጻ ያዘጋጀውን «ማይ ኒ ኤክሰርሳይዝ» የተባለ ድረ ገጽ እዩት። የ24 ሳምንት ጡንቻ ማጠንከሪያ ፕሮግራም አለው፤ ቋንቋው እንግሊዝኛ ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 በወጣ ጥናት፣ ከስልክ ማስታወሻ መልእክት ጋር የተጠቀሙበት ሰዎች ስለ በሽታው መረጃ ብቻ ካገኙት ይልቅ ሕመማቸው ቀንሷል፣ እንቅስቃሴያቸውም ተሻሽሏል። የሚከፈልበት አፕ ከዚህ በላይ ምን ይሰጣል?

በካሜራ ወይም እግር ላይ በሚታሰር ሴንሰር (እንቅስቃሴን በሚለካ ትንሽ መሣሪያ) አቋም የሚያርሙም አሉ። ጥሩ ናቸው፣ ግን ጣጣ አላቸው። ስልኩን ራቅ አድርጎ ማቆም፣ በቂ ብርሃን፣ ሴንሰሩን ቻርጅ ማድረግ። ካሜራው የጉልበትን መታጠፍ ያያል፤ ሕመሙን ግን አያይም።

እኔ የምመርጠው ከጀርባው ፊዚዮቴራፒስት (በእንቅስቃሴ የሚያክም ባለሙያ) ያለውን ነው፤ የስዊድኑ «ጆይንት አካዳሚ» ዓይነቱን። ዋጋው ከፍ ይላል። ነገር ግን መጀመሪያ አካባቢ ጉልበት ትንሽ ሊያም ይችላል፤ ብዙ ሰው «ባሰብኝ» ብሎ የሚተወውም ያኔ ነው። «ግላድ» በተባለው የዴንማርክ የእንቅስቃሴ ፕሮግራም፣ ሕመም ከ0 እስከ 10 ሲለካ 5 ቢደርስም ችግር የለውም፣ በ24 ሰዓት ውስጥ ወደ ነበረበት እስከተመለሰ ድረስ። ይህን የሚነግራቸውና እንቅስቃሴውን የሚያቀልላቸው ሰው ሲኖር አያቋርጡም። በአካል መገናኘትም የግድ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2024 ላንሰት በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ የወጣ የአውስትራሊያ ጥናት የቪዲዮ ፊዚዮቴራፒ ከአካል ክትትል እንደማያንስ አሳይቷል።

የትኛውንም ብትመርጡ፣ ከእያንዳንዱ ልምምድ በኋላ ስለ ሕመሙ ጠይቆ የሚቀጥለውን የማያስተካክል አፕ አትግዙ። ጉልበቱ ድንገት ካበጠና ከጋለ፣ ወይም በቅርቡ ወድቀው ከነበረ ደግሞ መጀመሪያ ሐኪም ይያቸው። ነጻ የሙከራ ጊዜ ካለው ስልኩን ለእነሱ ስጧቸውና ዝም ብላችሁ እዩ። ከፍተው፣ ሠርተው፣ ራሳቸው መዝጋት ከቻሉ ክፈሉ።