በቋሚነት መቀጠር ወይስ በአማካሪነት መሥራት፦ ለቴክኒክ ጸሐፊ

ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ በምትገኘው ደብረ ብርሃን የቢራ፣ የብርድ ልብስና የልብስ ስፌት ፋብሪካዎች አሉ፤ የማሽን መመሪያና የአሠራር ሰነድ የሚያዘጋጅ ባለሙያም ሁለት መንገድ ይጠብቀዋል።

የቋሚ ቅጥር ከለላ ግልጽ ነው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ሠራተኛው ለመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመት 16 የሥራ ቀናት የዓመት ፈቃድ ያገኛል፤ በጡረታ ሕጉ ደግሞ ከደመወዙ 7 በመቶ ሲቆረጥ አሠሪው 11 በመቶ ይጨምርለታል። በእኔ ግምት ግን ከዚህ የሚበልጠው ጥቅም ከማሽኑ ጎን መዋሉ ነው፤ ኦፕሬተሩ መመሪያውን ትቶ በራሱ ዘዴ ሲሠራ ያየ ጸሐፊ፣ የትኛው አንቀጽ እንዳልገባ ማንም ሳይነግረው ይረዳል።

አማካሪው በአንጻሩ ዋጋውን ራሱ ይተምናል፣ ደንበኛውንም ይመርጣል። ሆኖም የጡረታ መዋጮው፣ የሕመም ቀኑ፣ ለድርድር የሚያባክነው ጊዜና መብራት ሲጠፋ የሚቋረጠው ሥራ ሁሉ ከዚያው ዋጋ ስለሚወጡ፣ የቀን ክፍያውን ከወር ደመወዝ ጋር በቀጥታ ማነጻጸር ያሳስታል። እኔ ራሴ አንድን መመሪያ በቁርጥ ዋጋ ተዋውዬ፣ የእርማቱን ዙር ቁጥር በውሉ ባለማስፈሬ፣ ለአምስተኛ ጊዜ በነጻ ጽፌዋለሁ። ስለዚህ ውሉ የእርማቱን ዙር፣ አስተያየት ሰጪውን ኃላፊና ቅድመ ክፍያውን በስም በቁጥር ሊይዝ ይገባል።

ለጀማሪ ቅጥሩን እመርጣለሁ፤ ቢያንስ የሚያሳየው ሥራና የሚመሰክሩለት መሐንዲሶች እስኪኖሩት ድረስ።