ኤሲው ደህና ነው፣ ውሃው ነው ያስቸገረኝ፤ ከስምንት ወር በኋላ

ጀልባዬ 8 ሜትር ናት። መኝታዋ ከታች ነው፤ ፀሐይ ሲበረታ ምጣድ ይሆናል።

ኤሲ ስመርጥ ዓይኔ ያረፈው ቢቲዩ (የማቀዝቀዝ አቅሙ መለኪያ) ላይ ብቻ ነበር። ትልቅ ይሻላል ብዬ 12,000 ልገዛ ስል አንድ መካኒክ ከለከለኝ። ለጠባብ ክፍል ሲበዛ ቶሎ አቀዝቅዞ ይጠፋል፤ እርጥበቱን ለመምጠጥ ጊዜ አያገኝም። ቀዝቃዛና እርጥብ አልጋ ደግሞ ምን ያደርጋል! 6,000 ገዛሁ፤ በቅቶኛል። ቤት ውስጥ የሚገፋውን ባለጎማ ኤሲም አስቤ ነበር። ግን የክፍሉን አየር በቱቦ ወደ ውጭ ሲነፋ በየቀዳዳው ሙቅ አየር ይተካል። ተውኩት።

የእኔው በባሕር ውሃ የሚቀዘቅዝ ነው። ፓምፕ ውሃውን ከታች ይስባል፣ ውሃው ሙቀቱን ተሸክሞ በጎን ይወጣል። ጣጣው ሁሉ እዚህ ጋ ነው።

በሁለተኛው ወር የግፊት ስህተት እያሳየ ይጠፋ ጀመር። የመጣው ባለሙያ "ጋዝ አልቆበታል" አለ። ሊሞላም ተዘጋጅቶ ነበር። እኔ የውሃውን ማጣሪያ ስከፍት የባሕር ሣር ጠቅጥቆታል! ጠርጌ መለስኩት፤ ሠራ።

ከወር በኋላ ደግሞ ፓምፑ እየዞረ ውሃ ጠብ አልል አለ። ይህኛው ፓምፕ አየር መሳብ አይችልም፤ ከውሃው ወለል በታች መቀመጥ አለበት። አቀማመጡ ልክ ነበር። የውሃ ቱቦው ግን መሐል ላይ ጉብ ብሎ አየር ይዞ ኖሯል። ከመግቢያው እስከ ኤሲው ያለማቋረጥ ሽቅብ እንዲወጣ አድርጌ እንደገና ዘረጋሁት። ከዚያ ወዲህ አልተቸገርኩም። ጠዋት ጠዋት በጎን የሚወጣውን ውሃ አያለሁ፤ ከቀጠነ ማጣሪያውን እከፍታለሁ።

መብራቱስ? ወደብ ላይ ሆኜ ከዚያ ስስብ ችግር የለም። ጄኔሬተሬ ግን ኮምፕሬሰሩ ሲነሳ ያቃስት ነበር፤ መነሻ ላይ የሚስበው ከመደበኛው ብዙ እጥፍ ነው። ሶፍት ስታርተር (አነሳሱን የሚያለዝብ መሣሪያ) ሳስገባለት ተረጋጋ። በባትሪ ላድር ለሚል ሒሳቡ ይኸው፦ ከነፓምፑ 600 ዋት ገደማ ይበላል፣ በ12 ቮልት 50 አምፒር ማለት ነው። ባለ 100 አምፒር-ሰዓት የአሲድ ባትሪ ሳይጎዳ የሚሰጠው ግማሹን ነው። አንድ ሰዓት። መልሕቅ ጥዬ ሳድር መስኮት ከፍቼ እተኛለሁ።

አሁን የቀረው ድምፁ ነው። ፓምፑን ከትራሴ ሥር ነው ያስገጠምኩት፣ የራሴው ጥፋት። ባለቤቴ ለምዳዋለች። እኔ ገና ነኝ።