በበርሜል ውሃ ለሚሠራ የግፊት ማጠቢያ ማሽን የቱ ያዋጣል፦ መሳቢያ ጎማ፣ ከፍ ያለ ታንከር ወይስ አጋዥ ፓምፕ?

የግፊት ማጠቢያ ማሽን ሊገዛ ያሰበ ሰው ሁሉ “ቧንቧ በሌለበት በበርሜል ውሃ ይሠራል?” ብሎ ይጠይቃል። ይሠራል። ወጪው የሚከብደው ወይም የሚቀለው ግን ውሃው ማሽኑ ጋ በሚደርስበት መንገድ ነው። ከሦስቱ መንገዶች የምመክረው ታንከሩን ከማሽኑ ከፍ አድርጎ ማስቀመጥን ነው።

ማሽኑ ራሱ ከበርሜል እንዲስብ ማድረግ ርካሽ ይመስላል፤ የሚገዛው መሳቢያ ጎማ ብቻ ነውና። ቁጠባው የሚገለበጠው በኋላ ነው። ጨርሶ መሳብ የማይችሉ ማሽኖች አሉ፤ ከሚችሉት የቤት ማሽኖችም የብዙዎቹ መመሪያ ከፍታውን በ0.5 ሜትር ይገድበዋል። ጎማው ከጠበበ ፓምፑ ውስጥ አረፋ ይፈጠራል፤ አረፋው ሲፈርስ ቫልቮቹንና የፓምፑን ጭንቅላት ይቦረቡራል። አየር ከገባ ደግሞ ጎሚኒዎቹ (የፓምፑ የጎማ ማሸጊያዎች) በደረቁ ተፋትገው ይበላሉ። ጠጠር የሚፈጭ የሚመስል ድምፅ ከተሰማና ውሃው እየተቆራረጠ ከወጣ ወዲያው ማጥፋት ነው። የፓምፕ ጭንቅላት መቀየር ደግሞ አዲስ ማሽን ለመግዛት የሚያስመኝ ወጪ ነው።

ገበያው ላይ የሚያታልለው መሳቢያ ጎማው ነው። ደህናው ውስጡ ጠንካራ ጥምዝ አለው፤ በሁለት ጣት ሲጨመቅ ግድግዳው የሚገናኝ ከሆነ ፓምፑ ሲስብም ይጣበቃል። ጫፉ ላይ ያለውን የማይመልስ ቫልቭ ሳይገዙ ይፈትኑት፦ ጎማውን ውሃ ሞልተው ቫልቩን ወደ ታች ያንጠልጥሉ፤ የሚያንጠባጥብ ከሆነ ይተዉት። ጠቅ ብሎ የሚገጥም የፕላስቲክ ማያያዣም ለመሳብ አይታመንም፤ በግፊት ጊዜ ጠብታ የማያፈስ ሆኖ ሲስብ አየር ያስገባል። ጥርስ ያለው ማያያዣ ከነጎሚኒው ይሻላል።

ከፍ ባለ ታንከር ይህ ሁሉ ጣጣ ይቀላል። 1 ሜትር ከፍታ የሚሰጠው 0.1 ባር ብቻ ቢሆንም ውሃው እየተገፋ ይመጣል እንጂ አይጎተትም። የሚገዙት መቆሚያ፣ 3/4 ኢንች መዝጊያ፣ 3/4 ኢንች አጭር ጎማና ፊልተር ነው፤ የሚቃጠል ሞተር የለበትም። መውጫውን ከታንከሩ ወለል ከ5 እስከ 10 ሳንቲሜትር ከፍ ያድርጉት፤ ዝቃጩ እዚያው ይቀራል። ክዳኑ አየር ማስገቢያ ከሌለው ውሃው እየደከመ ይሄዳል። መቆሚያው ላይ አይሰስቱ፤ 200 ሊትር ውሃ ብቻውን 200 ኪሎ ነው።

ማሽኑ በደቂቃ 7 ሊትር የሚወስድ ከሆነ ጎማው ቢያንስ 10 ሊትር ማውረድ አለበት። ባለ 10 ሊትር ባልዲ ከ1 ደቂቃ በላይ ከፈጀ መስመሩ ጠቧል፤ ወይ ጎማውን ያወፍሩ፣ ወይ ታንከሩን ከፍ ያድርጉ። በዚህ ፍጆታ 200 ሊትር ግማሽ ሰዓት አይሞላም። ከመነሳቱ በፊት ኖዝሉን (ውሃው የሚረጭበትን ጫፍ) ፈትቶ፣ ማሽኑ ሳይበራ ቃታውን ተጭኖ ውሃው ያለ አረፋ እስኪወርድ መጠበቅ ነው።

ውሃውን ወደ ማሽኑ የሚገፋ አጋዥ ፓምፕ የሚያዋጣው ውሃው ከመሬት በታች ወይም ሩቅ ከሆነ ብቻ ነው። ትንንሾቹ ባለ 12 ቮልት ፓምፖች ላይ የተጻፈው ሊትር ብዙ ጊዜ ያለምንም ጫና የተለካ ነው፤ ስለዚህ ማሽኑ ከሚወስደው እጥፉን የሚሰጥ ይግዙ። ቃታው ሲለቀቅ የሚያቆመው የግፊት ማብሪያ፣ ውሃ ሲያልቅ የሚያጠፋው ተንሳፋፊም ያስፈልገዋል። እነዚህ ሲደመሩ የመቆሚያው ዋጋ ተረሳ።

ፀሐይ ላይ የሚውል ጥቁር ታንከር ካለዎት ያጥሉለት፤ የብዙ የቤት ማሽኖች የመግቢያ ውሃ ወሰን 40 ዲግሪ ነው።