ስቴላሪየም፦ ሰማዩን በኮምፒውተር ማሽከርከር

የሰማይን ዙረት ለመረዳት ሰማዩን በስክሪን የሚያሳየውን፣ በነፃ የሚወርደውን የስቴላሪየም ፕሮግራም የኮምፒውተር ሥሪት የሚያህል ጥቂት ነው። መጀመሪያ ኤፍ6ን ተጭነው ቦታውን አዲስ አበባ ያድርጉ፤ ይህ ከተዘለለ የሚያዩት የሌላ አገር ሰማይ ነው። የሰሜን ኮከብ ከአድማስ 9 ዲግሪ ገደማ ብቻ ከፍ ካለ ልክ ነዎት። ሰዓቱም በእኛ አቆጣጠር አይደለም፤ 20:00 ማለት ከምሽቱ 2 ሰዓት ነው።

ኤልን ደጋግመው ሲጫኑ ጊዜው ይፈጥናል፣ ኬ ወደ መደበኛው ይመልሰዋል። ከዋክብት በሰዓት 15 ዲግሪ ወደ ምዕራብ ይነጉዳሉ።

ምርጡ ሙከራ ግን ማርስ ናት። ቀኑን ዲሴምበር 1 ቀን 2024 ያድርጉ። ከባቢ አየሩን በኤ፣ መሬቱን በጂ ያጥፉ፤ እይታው ከአድማስ ይልቅ ከከዋክብቱ ጋር እንዲሄድ ኮንትሮልና ኤምን አብረው ተጭነው ይቀይሩት። ፖሉክስ የተባለውን ኮከብ መርጠው በስፔስ መሃል ያስይዙ፤ ማርስን ራሷን ካስያዙ ከዋክብቱ ይሸሻሉ እንጂ እሷ አትነቃነቅም። ከዚያ የእኩል ምልክቱን ይጫኑ፤ እያንዳንዱ ጭነት አንድ ቀን ነው። ከዲሴምበር 7 ገደማ ጀምሮ ማርስ ከከዋክብቱ አንጻር ወደ ምዕራብ ታፈገፍጋለች፣ እስከ ፌብሩዋሪ 24 ድረስ።

የስልኩ ሥሪት አቅጣጫ ሊስት ይችላል፤ አንዱ ጥፋተኛ ማግኔት ያለው የስልክ መሸፈኛ ነው።